ብቻውን ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው፦ ከደሴ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ፦ «ነዋሪነቴ ደሴ ነው። ለገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚሆን የአባላትና የሒሳብ መዝገብ ሶፍትዌር ብቻዬን ሠርቼ መሸጥ ከጀመርሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በሐይቅ፣ በባቲና በመርሳ 19 ማኅበራት ይጠቀሙበታል፤ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ 12,000 ብር ከፍለውኛል። ስልኬ ሌሊትም አያርፍም። ሁሉም የየራሱን ማሻሻያ ይጠይቃል፤ የአንዱን ሳስተካክል የሌላው ይበላሻል። አሁን አዲስ አበባ የደመወዝ ሥራ ቀርቦልኛል። ሶፍትዌሩን ልተወው ወይስ ያላየሁት መውጫ አለ?»

ምላሽ

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔም ኮምቦልቻ ተቀምጬ ለመድኃኒት ቤቶች የክምችት መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ብቻዬን ስሠራ የኖርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ የጻፉት ድካም ለእኔ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከሒሳቡ እጀምራለሁ፤ የቀረው ችግር አብዛኛው ከዚያ የተወለደ ይመስለኛልና።

19 ማኅበራት በ12,000 ብር ሲባዙ 228,000 ብር ይሆናል። ይህ ለ36 ወራት ሲካፈል በወር የሚደርስዎ 6,333 ብር ገደማ ነው፤ የመኪና፣ የኢንተርኔትና የላፕቶፕ ጥገና ወጪ ከዚህ ላይ ገና አልተነሣም። ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ገንዘቡና ሥራው አብረው አለመጓዛቸው ነው። ገንዘቡ የሚመጣው ማኅበሩ ሶፍትዌሩን በተረከበበት ሳምንት ሲሆን፣ ሥራው ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማኅበሩ እስካለ ድረስ ይቀጥላል። ሃያኛውን ደንበኛ ሲያገኙ ገቢዎ ለአንድ ወር ከፍ ይላል፤ ስልኩ ግን ለሁልጊዜው አንድ ደዋይ ይጨምራል። ዋጋ የቆረጡለት የርክክቡን ቀን ነው፤ ከርክክቡ ወዲህ ያለው ጥገና በሙሉ በነፃ ተሠርቷል። ደንበኞችዎን አልወቅስም፤ ሲገዙ ሌላ ክፍያ እንዳለ የነገራቸው ሰው አልነበረምና።

ሁለተኛው ምክንያት «የአንዱን ሳስተካክል የሌላው ይበላሻል» ያሉት ውስጥ አለ። ከዚህ የምረዳው ለየማኅበሩ የተለየ የኮድ ቅጂ እንዳለዎት ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ቆይቼ ያስጣለኝ የ2011 ዓ.ም. ጳጉሜን ነው። በፕሮግራሜ ውስጥ ያለው የቀን መፈተሻ ከጳጉሜን 5 በላይ አይቀበልም ነበር፤ ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት በሚተርፍበት ዓመት ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደምትሆን እኔ እያወቅሁ ለኮዱ መንገር ረስቻለሁ። ጳጉሜን 6 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከመርሳ ተደወለ፤ ፕሮግራሙ ሽያጭ አልመዘግብም ብሏል። ረፋድ ሳይሆን ወልድያም ሐይቅም ደወሉ። ስሕተቱ የአንድ መስመር ነበር፤ ነገር ግን ያን ጊዜ እርስ በርሳቸው የተለያዩ 11 ቅጂዎች ስለነበሩኝ አንዱን መስመር 11 ቦታ አርሜ፣ 11 ጊዜ ፈትሼ፣ ፍላሽ ይዤ ከከተማ ከተማ መዞር ነበረብኝ። የመጨረሻው ደንበኛ ዘንድ የደረስሁት እንቁጣጣሽ ካለፈ በኋላ ነው። በችኮላው መካከል የሁለት መድኃኒት ቤቶችን ቅጂ አቀያይሬ ጭኜ ኖሮ፣ የአንዱን የዋጋ አሠራር በሌላው ላይ እንደጣልሁበት ያወቅሁት መስከረም አጋማሽ ላይ ደንበኛው ተቆጥቶ ሲደውል ነው። ጥፋቱ የእኔ ስለነበር ያን ወር ሙሉ የሽያጭ መዝገቡን ደረሰኝ በደረሰኝ አብሬው ቁጭ ብዬ አስተካከልሁ።

በአዲሱ ዓመት ሁሉንም ወደ አንድ ኮድ ሰበሰብሁ። ጳጉሜን በ2015 እንደ ገና ስድስት ስትሆን፣ የ2016 መስከረም 1 ቀንም እንደ ወትሮው ሴፕቴምበር 11 ሳይሆን ሴፕቴምበር 12 ላይ ሲውል፣ አንድም ሰው አልደወለልኝም።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የምመክርዎ ለሁለት ወር ያህል አዲስ ደንበኛም አዲስ ማሻሻያም ሳይቀበሉ 19ኙን ቅጂዎች አንድ እንዲያደርጉ ነው። ማኅበራቱ የሚለያዩበትን ነገር ሁሉ፣ ማለትም የወለድ መጠኑን፣ የመመዝገቢያ ክፍያውን፣ የዕጣውን (የአባሉን ድርሻ) ዋጋ፣ የቅጣት ደንቡንና የደረሰኙን ቅርጽ ከኮዱ አውጥተው በዳታቤዙ ውስጥ በአንድ የደንብ ሠንጠረዥ ላይ ያስቀምጡት። የባቲው ማኅበር ከሐይቁ የሚለየው በዚያ ሠንጠረዥ ላይ በተጻፈው ብቻ ይሁን። በተለይ የወለዱን አቆጣጠር በጥንቃቄ ይዩት፦ አንዳንዱ ማኅበር ዓመቱን ለ12 ወራት አካፍሎ የጳጉሜንን ቀናት ከነሐሴ ጋር ይደምራል፣ ሌላው በ365 ቀናት ይቆጥራል፤ የትኛው እንደሚሠራበት የሚወስነው የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ እንጂ ፕሮግራመሩ አይደለም። ይህን በራስዎ ግምት የወሰኑበት ቦታ ካለ አንድ ቀን ኦዲተር ፊት ያቆምዎታል።

የማሻሻያ ጥያቄዎቹን በተመለከተ፣ ሁሉን እሺ ማለትም ሁሉን እምቢ ማለትም አያዋጣም። እኔ የምለካው ጥያቄው የአንድ ሊቀመንበር ምርጫ ነው ወይስ የብዙ ማኅበራት ኑሮ በሚለው ነው። በወሎ ምድር ሶፍትዌር ለሚሠራ ሰው ከሁሉ ቀዳሚ የሚሆነው ከወለድ ነፃ የሆነው አገልግሎት ይመስለኛል። እንደ እኛ አካባቢ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ማኅበር በሚቆጥብበት አገር፣ ወለድ የማይወስዱም የማይከፍሉም አባላት አብረው ይኖራሉ። ይህን ለማስተናገድ የወለዱን ሣጥን ዜሮ ማድረግ በቂ አይደለም። በሙራባሃ አሠራር ማኅበሩ ዕቃውን ገዝቶ በታወቀ ትርፍ ለአባሉ በዱቤ ይሸጥለታል፤ ዕዳው በውሉ ቀን ተቆርጦ ያድራል፣ ክፍያው ቢዘገይም አይጨምርም። በየቀኑ ቀሪ ዕዳ ላይ ወለድ የሚያሰላ ፕሮግራም ይህን ሊይዝ አይችልም፤ ለብቻው የታሰበ የብድር ዓይነት ያስፈልገዋል። ይህን በሚገባ ከሠሩት ከአዲስ አበባ የሚመጣ ትልቅ ሶፍትዌር በቀላሉ የማይነጥቅዎ ሥራ ይሆናል፤ የማኅበራቱን ደንብ አንድ በአንድ አንብቦ፣ ከገንዘብ ያዦቹ ጋር ተቀምጦ የሚሠራ ነውና።

በአንጻሩ «የቅሬ መዋጮም በዚሁ ይመዝገብልን» የሚለው ጥያቄ (ቅሬ በወሎ እድር ማለት ነው)፣ ልብ የሚነካ ቢሆንም፣ የሌላ ሥራ ጥያቄ ነው። ቅሬ አባሉን የሚመዘግበው በቤተሰብ ነው፣ ቁጠባ ማኅበር ግን በግለሰብ፤ ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ያጨናነቀ ሰው በኋላ ይቸገራል። እንዲህ ላለው «ይህ ፕሮግራም አይሠራውም» ብሎ በግልጽ መናገር ይሻላል።

አሁን ወደ ስልኩ ልምጣ። ለአንድ ወር ያህል የእያንዳንዱን ጥሪ ሰዓት፣ ደዋይና ምክንያት በደብተር ይጻፉ። እኔ ሳደርገው ያየሁት፣ ቁጥር ስፍር የሌለው የመሰለኝ ጥሪ ከአራትና ከአምስት ያልበለጠ ሥር እንዳለው ነው። የእርስዎን ሥሮች ሳላይ መናገር ቢከብድም፣ በዚህ ዓይነት መዝገብ ላይ የማይቀሩትን ልጥቀስ።

አንዱ ስም ነው። ገንዘብ ያዧ አንድን አባል ፈልጋ ስታጣው «መዝገቡ ጠፋ» ብላ ትደውላለች፤ መዝገቡ ግን አለ። ሙሐመድ አንድ ቦታ ሙሀመድ፣ ሌላ ቦታ መሐመድ ተብሎ ገብቷል፤ ሐሰን በሀ፣ ሠይድ በሰ፣ ዐሊ በአ ተጽፏል። ለሰው ጆሮ አንድ የሆነው ለኮምፒውተር ሁለት ፊደል ነው። መድኃኒቱ አባሉ የሰጠው ስም ሳይነካ እንዳለ ተቀምጦ፣ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዐምድ መጨመር ነው፦ በዚያ ዐምድ ሐ፣ ኀና ሃ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐና ኣ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነዘራቸው ይመለሳሉ፤ ተጠቃሚዋ የምትጽፈውም በዚሁ ተለውጦ ይፈለጋል። «ሙ» እና «መ» ግን በዚህ አይገናኙም፤ ስለዚህ በስልክ ቁጥርና በአባልነት ቁጥር መፈለግም ይቻል። የሚታየውን ስም ግን በራስዎ ፊደል አያርሙት፤ ሰውዬው መታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነው። እኔ ይህን ከሠራሁ በኋላ ከጥሪዎቼ መካከል ብዙው በአንድ ጊዜ ቆመ።

ሌላው የድሮ መዝገብ ነው። ማኅበራት ከዓመታት በፊት በኤክሴል የያዙትን ዝርዝር ያመጡልዎታል፤ ፋይሉ ሲከፈት አማርኛ ይመስላል፣ ወደ ዳታቤዝ ሲገባ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። ይህ የሚሆነው ጽሑፉ ከዩኒኮድ (ለየፊደሉ የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የኮምፒውተር ደንብ) በፊት በነበሩት፣ የላቲኑን ቁጥር ወስደው የግዕዝ ቅርጽ ብቻ በሚያሳዩ ፎንቶች ተጽፎ ሲገኝ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሆኖ ሳለ፣ የቆዩት የመጻፊያ ፕሮግራሞች በየቢሮው ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት ሠርተዋል። የመለወጫ ሠንጠረዥ አንድ ጊዜ በትዕግሥት ያዘጋጁና ለሁሉም ይጠቀሙበት፤ ክፍያውንም ከሶፍትዌሩ ዋጋ ለይተው ይጠይቁበት፤ ራሱን የቻለ ሥራ ነውና።

የኮምፒውተሩ ሰዓት ሦስተኛው ነው። ያረጀ ዴስክቶፕ በውስጡ ያለችው ሲአር 2032 የምትባለው ክብ ባትሪ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያን ቀን የተሰበሰበው ቁጠባ ከብዙ ዓመት በፊት እንደገባ ሆኖ ይመዘገባል፣ ወለዱም ይዛባል። ፕሮግራሙ ሲከፈት የኮምፒውተሩን ቀን ከመጨረሻው መዝገብ ጋር ያስተያይ፤ ወደ ኋላ ከሄደ ገንዘብ አይቀበል፣ ምክንያቱንም በአማርኛ ይጻፍላት። «ስሕተት ቁጥር 47» የሚል መልእክት ገንዘብ ያዧን ስልክ ከማስነሣት በቀር የሚያደርግላት ነገር የለም።

ስለ መብራት መጥፋት ብዙ አልልም። ኤስኪውላይትን የመሰለ ዳታቤዝ የሚጠቀሙ ከሆነ፣ ፍጥነት ለማግኘት ብለው መረጃው ዲስክ ላይ እስኪያርፍ የሚጠብቅበትን ማስተካከያ አጥፍተው ከሆነ ይመልሱት፤ መብራት ድንገት ሲጠፋ መዝገቡን ከመበላሸት የሚጠብቀው እሱ ነው።

ማሻሻያ የሚጭኑበትንም ቀን ያስቡበት። ባቲ ሰኞ ገበያዋ ነው፤ ከየአቅጣጫው የመጣው አባል ቁጠባውን የሚያስገባውም ያን ዕለት ሊሆን ስለሚችል እሑድ ማታ አዲስ ቅጂ መጫን አይገባም። ለእያንዳንዱ ማኅበር የገበያውን ቀን ይመዝግቡና ማሻሻያውን በማግሥቱ ያድርጉት። የስልክ ሰዓትዎንም ወስነው በየማኅበሩ ግድግዳ ላይ ያስለጥፉ፤ ለምሳሌ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሰዓትና እሑድ ሳይጨመር። ሌሊት የሚነሣ ስልክ ሌሊት መደወልን ያስለምዳል።

ደንበኞችዎ ወይም ወዳጆችዎ «ሁሉን ነገር ኦንላይን አድርገው» ማለታቸው አይቀርም። በእኛ አካባቢ ይህን ምክር ሳያጣሩ እንዳይቀበሉት እለምንዎታለሁ። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ከነበሩኝ ደንበኞች የብዙዎቹ ኮምፒውተር ጠፋ። አንዲት የመድኃኒት ቤት ባለቤት ግን ልጆቿን ይዛ ስትወጣ በየማታው መጠባበቂያ ቅጂ የምትገለብጥበትን ፍላሽ በመቀነቷ ቋጥራው ነበር። ስትመለስ መደርደሪያው ባዶ ሆኖ ጠበቃት፤ ማን ምን ያህል ዱቤ እንዳለበት፣ ለጅምላ አከፋፋይ ምን ያህል እንደቀረባት የሚያሳየው መዝገብ ግን በአንድ ከሰዓት በተዋሰችው ላፕቶፕ ላይ ተመለሰ። ሥራዋን የጀመረችው በዚያ መዝገብ ነው፤ እኔም ይህን ሙያ እንዳልተወው ካደረጉኝ ነገሮች ዋናው እሱ ነው። ቀጥሎም ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥ፣ መረጃቸው ሩቅ ሰርቨር ላይ የነበረ ሰዎች የራሳቸውን ሒሳብ ማየት አልቻሉም። የውጭ ሰርቨር የሚከራየው በዶላር መሆኑም ሌላ ጣጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ በብር አስከፍሎ በዶላር የሚከፍል ሰው ልዩነቱን ከኪሱ ይሞላል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ ሥራውን ይሥራ፤ ኢንተርኔት ሲገኝ የተመሰጠረ ቅጂ ወደ ሌላ ቦታ ይላክ፤ በየማታው ደግሞ ሁለት ፍላሽ ላይ በተራ ይገልበጥና አንዱ ፍላሽ ከቢሮው ውጭ ይደር።

ወደ ክፍያው እመለሳለሁ። የዓመት የጥገና ውል ያዘጋጁ። በእኔ ግምት በዓመት 9,000 ብር፣ ማለትም በቀን 25 ብር የማይሞላ ዋጋ፣ ለአንድ ቁጠባና ብድር ማኅበር ከባድ አይደለም። ሊቀመንበሩ «አንድ ጊዜ ከገዛነው በኋላ ለምን እንከፍላለን?» ማለቱ የማይቀር ነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። ወፍጮ ያለው ሰው ሁሉ ድንጋዩ በየጊዜው ካልተወቀረ እህሉን እንደማያልመው ያውቃል፤ ሶፍትዌሩም ደንብ ሲለወጥ፣ ዊንዶውስ ሲታደስ፣ የኦዲት ቅጽ ሲቀየር የሚወቀር መሆኑን በዚህ ቢያስረዱት ይገባዋል። የማይፈርም ማኅበር በያዘው ቅጂ መሥራቱን ይቀጥል፣ አይዝጉበት፤ ስልክና ማሻሻያ ግን ለፈረመው ብቻ ይሁን። የሰውን ገንዘብ የያዘ መዝገብ ላይ መቆለፊያ አድርጎ ክፍያ መጠየቅ ትክክል ነው ብዬ አላምንም።

የክፍያው ወር ይታሰብበት። አባላቱ ደመወዝተኛ የሆኑበት የከተማ ማኅበር ሰኔ 30 ዓመቱን ዘግቶ ሐምሌ ላይ አዲስ በጀት ሲይዝ ይክፈል። አባላቱ ገበሬ የሆኑበት ግን የመኸሩ እህል ተወቅቶ ጎተራ በገባበት በጥር ቢጠየቅ ይሻላል፤ በልግ አምራች በሆነው ደጋ ደግሞ ሰኔና ሐምሌ እህል የሚገኝበት ወቅት ነው። ክረምት ገብቶ የመኸር አምራቹ በተቸገረበት ወር የተላከ የክፍያ ደብዳቤ ቅሬታን ይዞ ይመለሳል።

ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር አይቅር። የመጀመሪያው ባለቤትነት ነው፦ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ያለው ሥራ ነው፤ ነገር ግን በሰው ትእዛዝ የተሠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የመጀመሪያ ባለመብቱ አዛዡ እንደሚሆን ይኸው አዋጅ ይደነግጋል። አንድ ማኅበር ከፍሎ ያሠራዎትን ማሻሻያ ለሌላው ለመሸጥ ካሰቡ መብቱ የእርስዎ መሆኑ በጽሑፍ መስፈር አለበት። ሁለተኛው የአባላቱ መረጃ ነው፤ የሰው ስም፣ ስልክና ዕዳ ላፕቶፕዎ ላይ ይዘው ከመዞርዎ በፊት የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብቡ፤ ለጥገና የሚወስዱት ቅጂም ስሞቹ የተለወጡበት ይሁን።

ስለ አዲስ አበባው ሥራ፣ የቀረበልዎን ደመወዝ ስላልጻፉ ቁርጥ ያለ ምክር ልሰጥዎ አልችልም፤ መለኪያ ግን ልስጥዎ። ከ19ኙ 12 ማኅበራት ከፈረሙ በዓመት 108,000፣ በወር 9,000 ብር ይሆናል፤ ከአዲስ ደንበኛ የሚገኘው በዚህ ላይ ይጨመራል። ይህ ብቻውን ቤተሰብ አያስተዳድርም፤ ነገር ግን ቅጂው አንድ ከሆነና የጥሪው ሥር ከደረቀ ጥገናው ከሳምንቱ ሁለት ቀን በላይ ስለማይፈጅ፣ የቀሩት ቀናት ለሌላ ሥራ ይተርፋሉ። ቀጣሪው ጊዜ ከሰጠዎት ውሉን ለሁሉም አቅርበው መልሳቸውን ይጠብቁ። የፈረሙት ስምንት እንኳ ካልሞሉ፣ ያለ ምንም ጸጸት ሥራውን ይቀበሉ።

ከሄዱ ግን ሦስት ወር አስቀድመው ለሁሉም በደብዳቤ ያሳውቁ። ፕሮግራሙ የአባላቱን ዝርዝር፣ የቁጠባና የብድር ሒሳቡን በሙሉ ወደ ኤክሴል የሚያወጣበት አንድ አዝራር ይሥሩለት፤ ለየማኅበሩም አውጥተው ገንዘብ ያዧና የቁጥጥር ኮሚቴው ባሉበት ከደብተሩ ጋር አመሳክረው በፊርማ ያስረክቡ። የኮዱን ቅጂና የይለፍ ቃሎቹን ደግሞ በታሸገ ፖስታ ሙያውን ለሚያውቅ አንድ የሚታመን ሰው ይስጡ። ደሴ ለመቆየት ቢወስኑም እንኳ ይህን አዝራርና ይህን ፖስታ በዚህ ወር ያዘጋጁ፤ ውሉን ለማስፈረም ሲሄዱ ሊቀመንበሮቹ መጀመሪያ የሚጠይቁዎ «አንተ ብትታመም ወይም አገር ብትለቅ መዝገባችን ምን ይሆናል?» ብለው ነው።